የሰይድን ግራ እጅ ፍለጋ

አትላንታ ሄጄ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። ፎቁን ከመኪና መስኮት አይቼዋለሁ፤ ረጅም ነው። መንገዱም ሰፊ ነው። ከዚህ በላይ ስለ ፎቅ የምጽፈው የለኝም። እኔ የሄድኩት የባለቤቴን ግራ እጅ ፍለጋ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ በተራ በተራው እናገራለሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ስናደድ ፊደሌ ስለሚዛባ ብዕሩን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ይህን ገጽ ለመጨረስ ብዙ ውሃ ጠጥቻለሁ።

ባለቤቴ ሰይድ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ተማሪው ጉርድ ፎቶ የሚነሳው፣ ሙሽራው የሚቆመው፣ ሐጅ የሚሄደው ሽማግሌ ለፓስፖርት ጥምጣሙን የሚያስተካክለው እሱ ዘንድ ነበር። የታወቀበት ሌላ ሥራም ነበረው። የተፋቱ፣ ከወንድማቸው ጋር በርስት የተካሰሱ ሰዎች ፎቶ ይዘው ይመጡና «ይህን ሰው አውጣልኝ» ይሉታል። ሰይድ ይቆርጣል። የተቆረጠውን ግን አይጥልም። ፖስታ ውስጥ ከትቶ በላዩ «እገሌ፤ በእገሊት ጥያቄ የተቆረጠ» ብሎ ይጽፍና በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጠዋል። ለምን ስለው «ይታረቃሉ። ሲታረቁ ይመጣሉ» ይለኝ ነበር። እውነትም ይመጡ ነበር፤ አፍረው፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። ሰይድ አንድም ቃል ሳይናገር በዱቄት ሙጫ መልሶ ያጣብቅላቸዋል።

የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ አልነበረውም። በተጋባን ዓመት፣ ገና ሰው ፎቶ ቤት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ የወረቀት መቁረጫው ወሰደበት። ደሙን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን የለበስኩት ቀሚስ እንደቆሸሸ ሳይታጠብ ቀረ።

ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የታጠቁት ሰዎች ዕቃ ብቻ አልፈለጉም። ፊት ፈለጉ። የጎረምሶቹን ጉርድ ፎቶ፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ። ፎቶው የት እንዳለ ያመለከታቸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ይማም ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በጣቱ በራችንን ሲያሳይ አይቻለሁ። ሰይድ ኔጋቲቮቹን አልሰጥም አላቸው። ደጃፉ ላይ ገደሉት፤ ፎቶ ቤቱንም ከነጨለማ ክፍሉ አቃጠሉት። የሠርጋችን ፎቶ፣ የልጃችን የሐያት ልጅነት፣ የቆርቆሮው ሣጥን፣ የሰይድ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ከሰዓት አመድ ሆነ።

ይማም አሁንም መንገዱን ተሻግሮ ካለው ሱቁ ልብስ ይሰፋል። «ተገድጄ ነው» ይላል። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ቤቴ መጡ። «ከዲጃ፣ አብሽሪ። ጎረቤት ነው፣ አብራችሁ ኖራችኋል። ያለፈ አልፏል» አሉኝ። ያለፈው ማን ላይ እንዳለፈ ጠየቅኋቸው። «ከአሜሪካ ስትመለሺ እንጨርሰዋለን» ብለው ሄዱ።

በዓለም ላይ አንድ የሰይድ ፎቶ ተርፏል። ፎቶ ቤቱን በከፈተ ቀን በሩ ላይ ቆሞ የተነሳው ነው። ቀድሞ አንዱን ግልባጭ አትላንታ ለምትኖረው ለሐያት ልኮላት ስለነበረ ተረፈ። ቤት የቀረው ተቃጠለ፣ የተላከው ዳነ። በፎቶው ላይ ሰይድ ብቻውን አይደለም። በስተግራው ይማም አለ። በእኛ አገር ወዳጆች እንደሚያደርጉት እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ ጣት በጣት ተቆላልፈው። ያ ጫፍ የሌለው ጣት በይማም ጣቶች መካከል ይታያል።

ሻንጣዬ ውስጥ፣ በሻሽ ጠቅልዬ፣ የሰይድን መቀስ ይዤ ነበር። ከእሳቱ የተረፈ ብረት እሱ ብቻ ነው። አትላንታ ደርሼ ይማምን በገዛ እጄ ከሰይድ ጎን ላወጣው ነበር ሐሳቤ።

ሰኞ ከደሴ ተነሳሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከበሩ ጎን ተቀመጥኩ፤ ዝናብ በበሩ ስንጥቅ እየገባ እስከ ደብረ ሲና ጉልበቴን አራሰው። አንድ ኬላ ላይ መታወቂያ ተጠየቅን። ወታደሩ ፎቶውንና እኔን ደጋግሞ አየና «እናቴ፣ ይሄ እርስዎን አይመስልም» አለኝ። «ባሌ ያነሳኝ ነው። የሚያየኝ እንደዚያ ነበር» አልኩት። መታወቂያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝ። አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ፤ ሹሮ አብልታኝ ራሷ መሬት ተኝታ አልጋዋን ለቀቀችልኝ።

ማክሰኞ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ። ሩዝና ዶሮ ሰጡኝ። ዶሮው ሐላል መሆኑን አስተናጋጇን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳትሰለች መለሰችልኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እስኪደርስ ድረስ ተኛ። እኔ አልተኛሁም። ሰይድን ሳላየው ብዙ ወር ሆኖኝ ነበር፤ ፊቱ ከአእምሮዬ እየደበዘዘ፣ አንዳንዴም የአጎቱን ፊት እየመሰለ መምጣት ጀምሮ ነበር። ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። አርባ ምናምን ዓመት ያየሁትን ፊት!

ረቡዕ አትላንታ ደረስኩ። አየር ማረፊያው ራሱ ከተማ ነው፤ በመሬት ውስጥ ባቡር ይሄድበታል። ባቡሩ በሴት ድምፅ ይናገራል፣ የሚለው አይገባኝም። ሰው ሲወርድ ወረድኩ፤ ያ ግን የእኔ መውረጃ አልነበረም። በረጅሙ መተላለፊያ ላይ እየዞርኩ ሳለ ባዶ የሕመምተኛ ወንበር የምትገፋ ልጅ አየችኝ። ከሻሼ ነው መሰለኝ ያወቀችኝ።

«እማማ፣ ጠፍተው ነው? ይቀመጡልኝ» አለችኝ።

«እግር አለኝ» አልኳት።

«እግርማ አለዎት፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ደግሞ ሺፍቴ ሊያልቅ ነው፤ ሰው ሳልገፋ ከገባሁ ይቆጡኛል።»

ሳቄ መጣ፣ ተቀመጥኩላት። ወላጆቿ የኮምቦልቻ ሰዎች ናቸው። ፓስፖርቴን የሚያየው ሰውዬ የሚጠይቀኝን እየተረጎመችልኝ እስከ በሩ ገፋችኝ። ጉርሻ ብሰጣት አልቀበልም አለች። ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐያትና ባለቤቷ ኑሩ በር ላይ ቆመው ነበር። ሐያት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። የአባቷን ሞት በስልክ ነው የሰማችው፤ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነበር። ኑሩ ሻንጣዬን አንስቶ «ፓርክ ያደረግሁት ራቅ ያለ ቦታ ነው፣ እዚሁ ይጠብቁኝ» ብሎን ሮጠ።

ቤታቸው ታከር የሚባል ቦታ ነው። ከተማ ይሉታል እንጂ እኔ ያየሁት ጫካ ነው፤ በጫካው መሃል ቤት፣ በቤቱ ፊት መኪና። አጥር የለም። ደሴ ቢሆን አጥር የሌለው ቤት ባለቤቱ የሞተበት ነው ይባላል። እዚህ አጥርም የለም፣ ጎረቤትም አይታይም። ሐያት በዚህ ቤት አሥር ዓመት ስትኖር የቀኝ ጎረቤቷን ስም አታውቅም። «የማታውቂው ጎረቤት ደግ ነው» አልኳት።

ሳሎን ገብቼ ቀና ስል ሰይድን አየሁት። በወርቃማ ክፈፍ፣ ግማሽ ግድግዳ የሚያህል። ኑሩ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ መነጽሬን አደረግሁ።

ሰይድ ብቻውን ቆሟል። ጉንጩ ቀልቷል፣ ጥርሱ ነጥቷል፣ ከኋላው የፎቶ ቤታችን ያልሆነ ንጹሕ ግድግዳ አለ። ግራ እጁ በጎኑ ተንጠልጥሏል። አምስት ሙሉ ጣት አለው። ጥፍሩ እንደ ባንክ ሠራተኛ ጥፍር የተከረከመ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አልኩ።

ሐያት ሻንጣውን መጎተት ጀመረች። «እማ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ ደክሞሻል…»

«የማን እጅ ነው ሐያት?»

«ሰሚራ ናት በኮምፒውተር ኤዲት ያደረገችው።» ሰሚራ የልጅ ልጄ ናት፤ እዚያው አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ በኮምፒውተር ሥዕል የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ገብታለች። «ይማም ነበረበት። እኔ አወጣሁት።»

«ዋናውስ የታለ?»

ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ግማሽ ፎቶ ነበር። ልጄ በኩሽና መቀስ ከላይ እስከ ታች ቆርጣዋለች፤ የመቀሱ መስመር የሰይድን ግራ የእጅ አንጓ ይዞ ወርዷል። እጁ የለም። ገለበጥኩት። ሰይድ ከፎቶ ጀርባ ሳይጽፍ አይሰጥም። በዚያ በማውቀው ፊደል የቀረችው አንዲት ቃል ናት፦ «እኔ»።

«ሌላው ግማሽስ?»

«ጣልኩት።»

ምግብ አቅርባ ነበር፤ ምን እንደነበር አላስታውስም። አልበላሁም።

ሐሙስ ተጣላን። ሐያት ከሥራ ስትመለስ ሰሚራም መጣች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ልጅቷ ደግ ናት። ሥዕሉ ለምን እንዳናደደኝ ግን አልገባትም።

«አያቴ፣ ላይክ፣ አንቺ ደስ ይልሻል ብዬ እኮ ነው የሠራሁት» አለችኝ። አያቷን አንቺ ትላለች፤ ያስተማራት የለም።

«ጣቱስ? አያትሽ ጣቱ ጎዶሎ ነበር።»

«አላወቅሁም! እማ የሰጠችኝ ላይ እጁ የለም። ደግሞ ያኔ ሙሉውን ፎቶ ሳየው ሁለት ወንድ እጅ ለእጅ ተያይዘው… ሰው ዌርድ ይለዋል፣ ሌላ ነገር ይመስለዋል።»

«ምን ይመስለዋል?»

ሐያት «ተይው እማ» አለች። ትርጉሙን ኑሩ ነው ኋላ ላይ አፍሮ የነገረኝ። ሰይድ ይህን ቢሰማ ከመሳቁ ብዛት ካሜራው ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሰውዬው ክፋት እጅ መያዙ አይደለም፤ የያዘውን እጅ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

«የአባትሽን እጅ ቆሻሻ ውስጥ ጣልሽው» አልኳት ሐያትን።

«እና አባዬን ያስገደለ ሰውዬ ሳሎኔ ውስጥ ልስቀል? ሻይ ስጠጣ እያየኝ?»

«እኔን ጠይቀሽኝ ነበር?»

«አንቺስ ብትሆኚ አትቆርጪውም ነበር?»

መቀሱ ሻንጣዬ ውስጥ ነው። መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ይጮኻል። ጮህኩ። ሰሚራ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ማልዶ ኮንየርስ የሚባል ከተማ መጋዘን ሥራ የሚገባው ኑሩ ያን ቀን አስፈቅዶ ቀርቶ ነበር። የመኪና ቁልፉን አንስቶ «ይምጡ፣ ሐላል ሥጋ ቤቱን ላሳይዎት» አለኝ። ሥጋ ቤቱ ከፀጉር ቤትና ከጎማ ቤት ጋር በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር ተደርድሯል። ሥጋውን ሳንገዛ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ቀረን። «ሐያት የአባቷን ሞት በሰማች ሰሞን አልበላችም፣ አልተኛችም» አለኝ። «መቀሱን ስታነሳ ልከለክላት ነበር፤ ፈራኋት።» ይህን ሲነግረኝ መሪውን እንደያዘ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው። ያም ሆኖ ንዴቴ አልበረደም።

ዓርብ ሐያት ብቻዬን ልትተወኝ ስላልፈለገች ሥራ ቦታዋ ይዛኝ ሄደች። ሥራዋ አሮጊት መንከባከብ ነው። አሮጊቷ የምትኖረው አቮንዴል እስቴትስ ነው፤ ቤቶቹ በጥቁር እንጨትና በነጭ ኖራ የተሠሩ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተላጨ፣ በሥዕል እንደማውቀው የፈረንጅ አገር ያለ ሰፈር። ልንደርስ ስንል ሐያት «ስሟ ሚስ ኢዳ ነው» አለችኝ።

እኔ አራት ወር ከአሥር ቀኔን ቤት ተቀምጬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትቆየውን ዒዳ ጨርሼ የመጣሁ ሴት ነኝ። «ከዒዳ ወጥቼ ኢዳ ቤት ልገባ ነው?» አልኳት። ሐያት ከትናንት ወዲህ መጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ሚስ ኢዳ ዘጠና ዓመት አልፏታል። አጭር ናት፣ ዓይኗ ግን እንደ ጭልፊት ነው። አይሁዳዊት ናት፤ የተወለደችው ፖላንድ አገር፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ባሌ መሞቱን ሐያት ነግራት ኖሮ፣ ገና ሳልቀመጥ የተቀቀለ እንቁላል በሰሃን አቀረበችልኝ። ሐያት እየተረጎመች «ለሐዘንተኛ መጀመሪያ እንቁላል ነው የምንሰጠው፤ ክብ ስለሆነ፣ እንደ ሕይወት ስለሚዞር» አለችኝ። እኛ ንፍሮ እንቀቅላለን፤ እሱም ክብ ነው። በሚንቀጠቀጥ ጣቷ እንቁላሉን ራሷ ላጠችልኝ። ከዚያ ዓሣና ድንች መጣ። «አትጠራጠሪ፣ አሳማ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለችኝ። አትላንታ ከደረስኩ መጀመሪያ ጊዜ የጠገብኩት እዚያ ነው።

ከምሳ በኋላ መተላለፊያው ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየሁ። ከስምንት አይበልጡም፤ ትንንሽና ቡናማ። የፎቶ ሰው ሚስት ነኝና መጀመሪያ ያየሁት አሠራራቸውን ነው። የተጣጠፈው አልተዘረጋም፣ የተጫረው አልተጠገነም። አንዲት ሴት ሥር ወረቀት ተለጥፏል። ሐያት አነበበችልኝ፦ «ማን እንደሆነች አላውቅም።»

«ጭረቱን ለምን አላስጠገኑትም?» ብዬ አስጠየቅኋት።

«ሰዎች እንጠግንልሽ ብለው መጥተው ነበር» አለች ሚስ ኢዳ። «ጭረቱ ከእኔ ጋር የመጣ ነው፤ ምን አደረጋቸው?»

በመካከል አንድ የቤተሰብ ፎቶ አለ። ሰዓት ጠጋኝ የነበረው አባቷ፣ እናቷ፣ እሷ ራሷ በሁለት ጉንጉን። በቀኝ በኩል ወንበር ላይ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ አንድ ሕፃን ጭኑ ላይ ይዟል። ሕፃኑ የሰውዬውን አውራ ጣት በመዳፉ ጨብጦ ይስቃል።

«አጎትዎ ናቸው?» አልኳት።

ሚስ ኢዳ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዳ ጀርባውን ሰጠችኝ። የእናቷ ጽሑፍ ነው አለችኝ። ፊደሉን አላወቅሁትም፤ ግን ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሄድ ገባኝና ጣቴን ከቀኝ ጀምሬ አስኬድኩ። አሮጊቷ እጄን ያዝ አደረገች። «ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ የእኛም ከቀኝ ነው» አልኳት። ከዚያ በጣቴ ሥር አነበበችልኝ። የእያንዳንዳቸውን ስም ጠራች። መጨረሻው ላይ «ትንሹ ልጃችን፣ በመልካሙ ጎረቤታችን በዳቦ ጋጋሪው ጭን ላይ» ይላል።

የቀረውን ሐያት እየተረጎመች ነው የሰማሁት። የጀርመን ወታደሮች አይሁዶችን ሲለቅሙ ሚስ ኢዳ በአንድ ገበሬ ቤት፣ የገበሬው ዘመድ ተብላ ተደብቃ ነበር። እናቷ፣ አባቷና ሕፃኑ ጣሪያ ሥር ተሸሸጉ። የጣሪያውን በር ለወታደሮቹ ያሳየው ያ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የተወሰዱት አልተመለሱም። ፎቶው የተረፈው እናቷ ከጦርነቱ በፊት አሜሪካ ላለች እህቷ በፖስታ ስለላከችው ነው። ሕፃኑ ከዚህ ሌላ ፎቶ የለውም።

የተላከው ዳነ።

«ለምን አልቆረጡትም?» አልኳት። «ለምን ግድግዳዎ ላይ ተቀምጦ ይስቃል?»

ሐያት አልተረጎመችም። ወለሉን ታያለች።

«ተርጉሚ» አልኳት።

ተረጎመች። ሚስ ኢዳ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችንና ቀስ ብላ መለሰች። ሐያት ጀመረችና ግማሽ ላይ አቆመች።

«ምን አለች?»

«ምንም…»

«ሐያት! ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ሰው ንግግር ቆርጠሽ አትጣይ!»

ልጄ እንባዋ እየወረደ ተረጎመችው። «መቀስ አንስቼ አውቃለሁ፣ አለች። ወጣት ሆኜ። ግን ወንድሜ ጭኑ ላይ ነው፣ ጣቱን ይዞታል። እሱን ልቆርጥ ስል የወንድሜ እጅ አብሮ ይቆረጣል። ከዚያ ደግሞ አሰብኩ፣ አለች። እሱን ካወጣሁት እናቴና አባቴ በበሽታ የሞቱ ይመስላል። ማንም ምንም ያላደረጋቸው ይመስላል።»

ሻንጣዬ ውስጥ ያለው መቀስ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ። እኔ ለሰይድ ገዳዮች ያመለከተውን ሰው ከፎቶ ላወጣ ውቅያኖስ ተሻግሬያለሁ። ሽማግሌዎቹም ሁለት ጊዜ የለመኑኝ ይህንኑ ነው፤ አውጪው፣ ያለፈ ይለፍ። መቀሱን የያዝኩት እኔ ሆንኩ እንጂ ሐሳቡ የእነሱ ነበር።

ስንወጣ «አሁንም ይናደዳሉ?» ብዬ አስጠየቅኋት።

«በየቀኑ፣ ከቁርስ በፊት» አለች ሚስ ኢዳ። «ሐኪሜ ጨው ከልክሎኛል፤ ንዴት ግን አልከለከለኝም።»

ቅዳሜ ዘነበ። የእነሱ ዝናብ ሞቃት ነው፤ ሰው ከውጭም ከውስጥም ይረጥባል። ሐያት ኦፍ ነበረች፣ ሥራ አልገባችም። ስታጥብ፣ ስታጥፍ፣ መልሳ ያጠፈችውን ስትዘረጋ ዋለች።

እሑድ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ሻይ ስጠጣ መጥታ ፊቴ ቆመች። እጇ ላይ ፖስታ ነበር።

«ልጥለው ሁለት ጊዜ ቆሻሻው ድረስ ወስጄዋለሁ» አለችኝ። «አልቻልኩም። ጣልኩት ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ታዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ፖስታው ላይ በልጄ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ይማም፤ በሐያት ጥያቄ የተቆረጠ።»

ልጅ ሆና ጨለማ ክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብላ አባቷ ሲጽፍ ታየው ነበር። ለካ ተምራዋለች። ፖስታውን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት ይማምን አይደለም። እጁን ነው። ያ ጫፍ የሌለው ጣት፣ እኔ ያሰርኩት፣ በዚያ ሰውዬ ጣቶች መካከል። በብዙ ወር ውስጥ መጀመሪያ ጊዜ የሰይድ ሙሉ ፊቱ ትዝ አለኝ፤ ፊቱ ከእጁ መጣልኝ።

ጣቶቹ ተቆላልፈዋል። በየትኛውም መቀስ፣ የሰይድ በሆነውም እንኳ፣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሐያት ፕላስተር አመጣች። «ፕላስተር ቢጫ ይሆናል፤ ዱቄት ስጪኝ» አልኳት። በትንሿ ድስት ዱቄትና ውሃ አማስዬ፣ ሰይድ እንደሚያደርገው በጨርቅ አጥልዬ፣ ሁለቱን ግማሾች በሌላ ወረቀት ላይ ገጥሜ አጣበቅሁ። ሐያት መስመሩ እንዳይዛነፍ በጥፍሯ ያዘችልኝ። ሲደርቅ የተሸፈነውን የጀርባ ጽሑፍ ከኋላ በለጠፍኩት ወረቀት ላይ ራሴ ገለበጥኩት፦ «ወንድሜ ይማምና እኔ»። ከሥሩ የራሴን ጨመርኩ፦ «በራችንን ያመለከተው ይህ ይማም ነው። አይቻለሁ። ከዲጃ።»

ሐያት አንብባ «እማ፣ ይቅር አላልሽውም ማለት ነው» አለችኝ።

«አባትሽ የቆረጠውን የሚያስቀምጠው ለዕርቅ ነበር» አልኳት። «እኔ ያጣበቅሁት ለዕርቅ አይደለም።» ልጄን ግን ይቅር ብያታለሁ፤ ይህንንም እዚያው ኩሽና ውስጥ፣ እጄ ሙጫ እንደሆነ፣ ነገርኳት። ሰሚራንም በስልክ አስጠርቼ አንቱታን አስተማርኳት። እስከ ማክሰኞ ያዘችው።

የቀሩትን ሁለት ሳምንታት እዘላቸዋለሁ። ሰው ጋበዘኝ፣ በላሁ፣ ተመረቅሁ። ሚስ ኢዳን አንድ ጊዜ ተመልሼ ጠየቅኋት፤ ያጣበቅሁትን ፎቶ አሳየኋት፣ መነጽሯን አድርጋ መገጣጠሚያውን ፈለገች፣ አጣችው። ያን ትልቁን ሥዕል ከሐያት ግድግዳ አውርጂው አላልኳትም። በሄድኩበት ቀን ጠዋት ግን ገልብጬ ጀርባው ላይ «ይህ እጅ የሰይድ አይደለም» ብዬ ጽፌ መልሼ ሰቅየዋለሁ።

ደሴ ከገባሁ በኋላ ከቃጠሎው ወዲህ የታደሰውን ፎቶ ቤት ለስልክ ጠጋኝ አከራየሁት። የፊተኛውን የመስታወት መስኮት፣ ሰይድ ሙሽሮችን ይደረድርበት የነበረውን፣ ለራሴ አስቀረሁ። ፎቶውን እዚያ አቆምኩት፤ ሌላ ምንም የለበትም። ከኋላው የፊት መስታወት አድርጌያለሁ፤ ጠጋ ብሎ ለሚያይ የጀርባው ጽሑፍ ተገልብጦም ቢሆን ይነበባል። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆመው አነበቡ፣ ቤቴ ሳይገቡ ተመለሱ።

ይማም ለተወሰነ ጊዜ በማዶ በኩል አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። ባለፈው ዓርብ ከሶላት በኋላ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። መለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር።

«ከዲጃ፣ በአላህ ይሁንብሽ» አለኝ። «ልጆቼ እዚህ ያልፋሉ። ከዚህ ፎቶ ላይ አውጪኝ።»

«ቆራጩ ሰይድ ነበር።»

«አንቺም ታውቂበታለሽ። መቀሱ አለሽ ይላሉ።»

መቀሱን ከኪሴ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

«እጁን ልቀቅና አወጣሃለሁ» አልኩት።

ፎቶውን አየ። ብዙ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ይህን የምጽፈው በዚሁ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ መቀሱም ባለበት አለ። እስካሁን አልለቀቀውም።